ሁለተኛውን ዓይን ሳሉት

የሐረር ሰዎች፣ ዛሬ የምጽፈው ደስ አይላችሁም። እኔንም ደስ አላለኝም፤ ከጥፋተኞቹ ሰልፍ መጀመሪያ ላይ የምቆመው እኔ ነኝና።

በ1970 ዓ.ም. 13 ዓመቴ ነበር። የሶማሊያ ጦር ጅግጅጋን ይዞ፣ ካራማራን ተሻግሮ፣ እስከ ከተማችን ዳርቻ የደረሰበት ጊዜ ነው። ማታ መድፉ ሲያጓራ የቤታችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፤ እናቴ ኩራዙን እፍ ብላ አልጋ ሥር ታስገባናለች። ቀን ቀን ግን ሥራ ነበረኝ። የቀበሌው የኪነት ቡድን እጄ ሥዕል እንደሚሞክር ሰምቶ ወስዶኝ ነበር። አንድ ቀን አራት ሜትር አቡጀዲ ግድግዳ ላይ ወጥረው፣ ሦስት ጣሳ ቀለም ደርድረው «ጠላትን ሳልልን» አሉኝ። ጠላት እንዴት እንደሚሳል ያስተማረኝ የለም፤ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እያየሁ ነው ያደግኩት። ጻድቁ ፊቱን ወደ ተመልካቹ ያዞራል፤ ሁለት ዓይን አለው። ይሁዳ፣ ሰይጣን፣ ጌታን የገረፉት ወታደሮች በጎን ይሳላሉ፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። የዓድዋን ጦርነት የሳሉት የድሮ ሠዓሊዎችም የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው፤ የእኛ ሰው በሁለት ዓይን፣ ጣሊያኑ በአንድ። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። ጥርሱን አስረዘምኩት፣ እጁ ላይ ደም ጨመርኩበት፣ ዓይኑን አንድ አድርጌ ጨረስኩ።

ሰፈራችን ወተት የምታመጣ አንዲት ሴት ነበረች፤ ሁላችንም «አዴ» ነው የምንላት። በኤረር በር በኩል ነበር የምትገባው። አማርኛዋ ሰባራ ነው፤ ሶማሊኛና ኦሮምኛ ግን እንደ ውሃ ይፈስላታል። የዚያን ቀን ጠዋት የወተት ዕቃዋን መሬት አስቀምጣ ሥዕሉ ፊት ቆመች። ብዙ ቆየች። ከዚያ ወደኔ ዞር ብላ «አቦ፣ ዓይኑን ረሳኸው» አለችኝ። የተሳሳትኩ መስሏት እኮ ነው። ሳቅኩባት። «አልረሳሁም አዴ፤ ጠላት እንዲህ ነው የሚሳለው» አልኳት። ምንም አልመለሰችልኝም። ዕቃዋን አንስታ ሄደች። ከዚያ ወዲህ እኛ ሰፈር ወተት ይዛ አልመጣችም። እናቴ «መንገድ ተዘግቶባት ይሆናል» አለች። እኔ የማውቀውን ለማንም አልተናገርኩም።

ዕድሜዬን በሙሉ ሥዕል ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ያንን አቡጀዲ ግን ማጠብ አልቻልኩም። እናንተም ብትሆኑ የምትስሉት እስከ ዛሬ በአንድ ዓይን ነው። ልዩነታችን እኔ ማፈሬ ነው።

የካቲት 26 በመጣ ቁጥር የምታደርጉትን አያለሁ። ድምፅ ማጉያ ይተከላል፣ ባንዲራ ይሰቀላል፣ ከተወለደ 15 ዓመት ያልሞላው ልጅ ጎፈር አጥልቆ ይፎክራል። ድሉ ድል ነው፤ ማንም አይቀንስብንም። ወራሪ ጦር ነው ተመትቶ የተመለሰው፤ በነሐሴ 1969 ድሬዳዋ ላይ፣ በጥር 1970 እዚሁ ደጃችን ላይ፣ የካቲት 26 ደግሞ ጅግጅጋና ካራማራ ላይ። ኩባውያንም ከእኛ ጋር ሞተዋል። ይህ ሁሉ ይነገር፣ ይዘፈን፣ ልጆችም ይወቁት። የምጠይቃችሁ ሌላ ነው። በዓሉ ሲያልቅ፣ ወንበሩ ሲታጠፍ፣ ከዚህ ከተማ ወጥቶ ካራማራ ላይ የቀረ የአንድ ሚሊሻ ስም የሰማ ልጅ ከመካከላችሁ አለ? የአንድ ብቻ። አርሶ አደር ከነበረበት ወደ ታጠቅ ጦር ሰፈር ተጭኖ፣ በጥቂት ወር ሥልጠና ተመልሶ እዚሁ ሐረርጌ የወደቀ ሰው ስንት ነው? ሚስቱስ ማን ነበረች? ስለ ጀግንነቱ 40 ግጥም አለን፤ ስለ ስሙ አንድም የለንም።

አባቶቻችን ለጦርነት ሁለት ዓይነት ግጥም ነበራቸው። አንደኛው ከመዝመት በፊትና ገድሎ ከተመለሱ በኋላ የሚባለው ነው፤ ቀረርቶው፣ ሽለላው፣ ፉከራው። ሁለተኛው ሙሾ ነው። ፎካሪው አደባባይ ላይ ነው፤ መሬቱን በእግሩ እየደበደበ አባቱን እየጠራ ራሱን ያስተዋውቃል። አልቃሿ ድንኳን ውስጥ ናት፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ የሟቹን ስም ትጠራለች። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምን እንደሚወድ፣ አረማመዱ እንዴት እንደነበር፣ ማንን ለማን ጥሎ እንደሄደ አንድ በአንድ ትቆጥራለች። የማያውቀው ሰው እንኳ ለቅሶ ደርሶ ሲመለስ ሟቹን አውቆት ይመለሳል። ሁለቱ ግጥሞች እንደ ሚዛን ነበሩ፤ አንዱ ሲከብድ ሌላው ይመልሰዋል። እናንተ አንዱን ጎን አንጠልጥላችሁ ሌላውን ቆረጣችሁት። ሙሾ «የሴት ነገር» ሆነ፣ ከዚያም «ኋላ ቀር» ሆነ፣ አሁን ለቅሶ ቤት እንኳ በቴፕ ነው የሚለቀሰው።

ከአልቃሾች የወረስነውን ይህን አድምጡ፦

የሞተው ወንድምሽ፣ የገደለው ባልሽ፤
ሐዘንሽ ቅጥ አጣ፣ ከቤትሽ አልወጣ።

ስለ እርስ በርስ ጦርነት ከዚህ አጥሮ ከዚህ የበለጠ የተናገረ ጽሑፍ አንብቤ አላውቅም። ሟቹም ገዳዩም ላይ ያቺው «ሽ» አለች። ማን ትክክል እንደነበር አልተናገረችም፤ የትኛው ሰንደቅ እንዳሸነፈም አላነሳችም። ሁለቱንም አንድ ጣራ ሥር አስቀምጣ በሩን ዘጋችው። ሁለቱም ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው። ማንበብና መጻፍ የማታውቅ ሴት ሳትሆን አትቀርም እንዲህ ያለችው። ዲግሪ የጫናችሁ ገጣሚዎች ከዚህ በታች የምትጽፉት ምን ስለሆናችሁ ነው?

ሐውልት ላይ ስንመጣ ደግሞ ነገራችሁ ይብሳል። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. የራስ መኮንን ሐውልት ከነፈረሱ ወደቀ። ከመካከላችሁ የጎተታችሁ አላችሁ፤ ቆማችሁ በስልክ የቀረጻችሁ አላችሁ፤ በራችሁን ዘግታችሁ ያለቀሳችሁም አላችሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻይ ቤት ውስጥ ያላችሁት ክርክር ስለዚያ ፈረስ ነው። ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ደግሞ ለጨለንቆ ሙታን የቆመ መታሰቢያ አለ። በ1879 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የአሚር አብዱላሂን ጦር ጨለንቆ ላይ መቱ፤ ሐረርን እንዲያስተዳድሩ የተሾሙት መኮንን ነበሩ። እንግዲህ አንዲት ከተማ ውስጥ፣ በእግር በሚደረስ ርቀት፣ ድል ያደረገውም ድል የሆነውም መታሰቢያ ቆሞ ኖሯል። ይህ ለእኔ ሀብት ነበር። ለእናንተ ግን የግራና የቀኝ ምሽግ ሆነ። አንዱ ወገን አንደኛው ጋ አበባ ያስቀምጣል፣ ሌላው ወገን ሌላኛው ጋ። በሁለቱም ፊት ቆሞ የሚያዝን ሰው አላየሁም።

እስቲ ከጨለንቆ ሙታን አምስት ስም ጥሩልኝ። ይከብዳችኋል? እንግዲያው በ1888 ከራስ መኮንን ጋር ከዚህ ተነስቶ ዓድዋ ከዘመተው የሐረር ጦር መካከል ሳይመለሱ የቀሩትን አምስት ጥሩልኝ። አፋችሁ ተያዘ። ስለ ድንጋዩ መቧጨቅ ነው እንጂ ድንጋዩ ስለቆመላቸው ሰዎች ማንም ግድ የለውም። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ የቆመውም ቢሆን የሚያርፍበት ምሳር እንጂ የሚያርፍበት ጥያቄ አላገኘም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ያንን ፈረሰኛ የቀረጸው አንቱን አውጉስቲንቺች የሚባል የዩጎዝላቪያ ቀራፂ ነው። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለውን የየካቲት 12 ሐውልትም ከባልደረባው ከፍራኖ ክርሺኒች ጋር የሠራው እሱ ነው። ስለ ኦጋዴን ጦርነት በአብዮቱ አሥረኛ ዓመት አዲስ አበባ ላይ የቆመውን ትግላችን ሐውልትን ደግሞ የሠሩት ሰሜን ኮሪያውያን ናቸው። ችሎታቸውን አልነቅፍም፤ የስድስት ኪሎው የነሐስ ሥራ ፊት ቆሜ ጉሮሮዬ ያልተያዘበት ጊዜ የለም። ግን አስተውሉ፤ ለሙታናችን ማልቀሻውን ሳይቀር በተጫራች አሠራን። ያ የተዋስነው እጅ የሚያውቀው ደግሞ የመንግሥትን ሐዘን ነው፤ ትልቅ፣ ከፍ ያለ፣ አንገት አቅንቶ የሚታይ። የእኛው የሆነው መታሰቢያ ከመሬት ከፍ አይልም።

የቱ ነው ካላችሁ፣ ጀጎል ውስጥ የሐረሪ ቤት ግቡ። ጫማችሁን ታወልቃላችሁ። ፊት ለፊታችሁ ነደባዎቹ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ከፍ እያለ የተደረደረው መደብ፣ እያንዳንዱ የሚቀመጥበት ሰው ማዕረጉ የታወቀ። መደቡና የግድግዳው ግርጌ በቀይ አፈር ተቀብቷል። ሰሌንና ምንጣፍ ከተነጠፈበት ዳር ላይ ይታያችኋል። በእጅ ብትዳስሱት ልስልስ ነው፤ ከሥሩ የቀደመው ቅብ አለ፣ ከዚያም በታች የዚያ ቀዳሚ። የጨለንቆው ደም መታሰቢያ ነው ይላሉ የቤቱ ባለቤቶች። ቀለሙ ሲደበዝዝ የቤቱ ሴቶች እንደገና ይቀቡታል። በላዩ ሕፃን ይድሃል፣ ሙሽራ ይቀመጥበታል፣ እንግዳ ቡና ይጠጣበታል። እኔ ዘሬ ከሸዋ ከዘመቱት ነው፤ በዚያ ቀይ መደብ ላይ ትራስ ተሰጥቶኝ ስንቴ በልቻለሁ። አንድም ቀን «ያንተ ሰዎች ናቸው» ብሎ የተናገረኝ የለም፤ ደሙ ግን ከሥሬ ነበር፤ እኔም አውቃለሁ፣ እነሱም ያውቃሉ። ተቀማጩን የማያባርር፣ የተቀመጠበትንም የማይደብቅ መታሰቢያ ይህ ነው። የትኛው ሐውልት ነው ይህን ማድረግ የቻለ?

ይህን ጥበብ ይዘን ሳለ ነው አደባባይ ላይ በድምፅ ማጉያ የምንጮኸው።

ከተማችን ደግሞ የጦርነት ጽሑፍ ጠፍቶባት አያውቅም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኢማም አሕመድን ዘመቻ ሺሃብ አል ዲን፣ ዐረብ ፈቂህ የሚሉት፣ በዐረብኛ «ፉቱሕ አል ሐበሻ» ብሎ ጻፈ። በዚያኛው ወገን የዐፄ ገላውዴዎስ ዜና መዋዕል በግእዝ ተጻፈ። በአንዱ መጽሐፍ ሰማዕት የሆነው በሌላው ከሓዲ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነብ ተማሪ ስታገኙ ሳሙልኝ። ከዚያ ሁሉ ድል በኋላ ለሐረር የተረፋት አሚር ኑር ያሠሩት የጀጎል ግንብና ረሃብ ነበር። በግንቡ እንኮራለን፤ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ጨፍረናል። ስለ ረሃቡ የዘፈነ የለም።

እንዲያውም ስለ ሞቱት ንጹሐን የሚያነሳ ሰው ብርቅ ነው። መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላን ሐረርን በቦምብ ደበደበ። ከተማዋ ጦር የሌለባት ክፍት ከተማ ናት ተብሎ ታውጆ ነበር። ቀኑን ስንቶቻችሁ ታውቁታላችሁ? በየዓመቱ መጋቢት 20 ገበያ እንሄዳለን፣ ጫት እንገዛለን፣ ሐሙስ ይሁን ዓርብ እንጠይቃለን። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በዚያ ቀን ፎካሪ የለም። ሞቱ እንጂ የገደሉት የለም። ሳይገድል የሞተ ሰው ለእናንተ ግጥም አይወጣውም።

ስለ ስም ካነሳን፣ በከተማችንም በድሬዳዋም ያሉትን የእንግሊዝ ጦር ወታደሮች መቃብሮች ሄዳችሁ እዩ። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ናይጄሪያውያንና ደቡብ አፍሪካውያን ያሉበት ጦር ጣሊያንን ከዚህ ሲያስወጣ የሞቱት ናቸው። እነዚህን መቃብሮች የሚያስተዳድረው ድርጅት ደንብ አለው፤ መኮንኑም ተራው ወታደርም ድንጋዩ እኩል ነው፤ ስም፣ ክፍለ ጦር፣ የሞተበት ቀን። ደጅ ላይ የመጣ እንግዳ በስሙ ተቀብሮ፣ የቤቱ ልጅ ያለ ስም የቀረበት አገር ነው ይህ። ቸኩላችሁ ግን አታመስግኗቸው። ይኸው ድርጅት ራሱ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ከሞቱት መካከል ቢያንስ 116,000 የሚሆኑ፣ አብዛኞቹ የምሥራቅ አፍሪካና የግብፅ ሰዎች፣ በስማቸው ሳይታወሱ መቅረታቸውን አምኗል። ነጩ በስሙ፣ ጥቁሩ በቁጥር። እነሱም አንድ ዓይን ሲስሉ ኖረዋል ማለት ነው። ቢያንስ ግን ቁጭ ብለው ቆጠሩት፣ ጻፉት፣ ይቅርታ ጠየቁበት።

የእኛ እስረኞች ነገርማ አይነሳ። በ1969 እና በ70 የተማረኩት ወገኖቻችን ከሶማሊያ እስር ቤት የተመለሱት በ1980 ዓ.ም. ነው። 11 ዓመት። ሲማረኩ የተወለደ ልጅ አምስተኛ ክፍል ደርሶ ነበር። ሲመለሱ አብዮቱም ተኝቷል፣ ኪነቱም ተበትኗል፣ እኔም ሌላ ቦታ ቀለም እቀባለሁ። የሄዱ ጊዜ በሆታ፣ የመጡ ጊዜ በዝምታ። ሞቷል ተብሎ ተዝካሩ የወጣለት ሰው በእግሩ ሲመጣ፣ ሚስቱ ከሌላ ወልዳ ስትጠብቀው፣ ሁለቱ በር ላይ ሲተያዩ የሚባለውን የትኛው ጸሐፊ ጽፎልናል? ታሪኩ እኮ ከሰማይ የወረደ አልነበረም፤ እዚሁ ጎረቤታችን ነበር።

አውቃለሁ፣ «ቢጻፍ ያስገድላል» የምትሉ አላችሁ። አልቀልድባችሁም። በዓሉ ግርማ በ1975 «ኦሮማይ»ን አሳተመ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ፍርሃት ምክንያት ነው። ለዝምታ ግን እንጂ ለፉከራ ምክንያት አይሆንም። የፈራ ሰው ዝም ይላል። እናንተ ግን አልፈራችሁም፤ ጮኻችሁ።

በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ በ2014 ኅዳር ላይ የጻፋችሁትን ገልብጬ አስቀምጫለሁ። ማፈር ሲገባችሁ ኋላ ላይ አጥፍታችሁት ሊሆን ይችላል። በአንድ ሌሊት አራት ግጥም የለጠፈ ልጅ አውቃለሁ፤ እዚህ ሶፋ ላይ ተኝቶ፣ ስልኩን ቻርጀር ላይ ሰክቶ፣ «ዝመት» ይላል። የሚጠራው የሌላውን እናት ልጅ ነው። በዚያኛውም ወገን ተመሳሳይ ሶፋ፣ ተመሳሳይ ቻርጀር ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ተፈረመ፤ በማግስቱ ግጥሙ ቀጥ አለ። ያ ሁሉ ገጣሚ የት ገባ? አሁን ስለ ፍቅር ነው የሚጽፈው፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ቡና። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለው ተረት እንኳ ለእናንተ አይሆንም፤ እናንተ ጅቡን ጠርታችሁ ሲመጣ ነው ዝም ያላችሁት።

መኪና ግርግር በምንለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ አለ። ከዚያ ጦርነት የተመለሰው ያለ ቀኝ እግሩ ነው። ሲንጀሩን በግራ እግሩ ብቻ ነው የሚረግጠው፤ ጆሮ ለለመደ ሰው ድምፁ ከሌሎቹ መኪናዎች ይለያል፤ ይሮጣል፣ ቆም ይላል፣ እንደገና ይሮጣል። ባለፈው ዓመት ለአንድ በዓል የሚሰቀለውን ጨርቅ በሙሉ የሰፋው እሱ ነው። የበዓሉ ቀን ወንበር አልተያዘለትም፤ ሄዶም ቆሞ መመልከት አልቻለም፤ ክራንቹ ብብቱን ያቆስለዋል። «ዘምቼ ስመለስ ስድስት ወር ያህል ጀግናው ይሉኝ ነበር» አለኝ። «አሁን 'እግር የሌለው ጋ አሰፋው' ነው የሚሉት።» ይህን ሲለኝ አልተማረረም። ክር እያሳለፈ ነበር። መርፌው ቀዳዳ ላይ ዓይኑን አጥብቦ፣ ክሩን በምላሱ አርሶ፣ ሁለቴ ስቶ በሦስተኛው አገባው።

የሐረር ሠዓሊዎች፣ ይህን ሰው ሳሉት። ባንዲራ ሳትጨምሩበት። ከላዩ ላይ ንስር አታብርሩ፤ ከኋላው ፀሐይ አታውጡ። ክሩንና መርፌውን ሳሉ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ የዚህች ከተማ ልጅ ነው፤ አባቱ አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍት የሚስሉ ሰው ነበሩ። ከአባቱ ደንብ ወጥቶ «ጎልጎታ»ን ሲስል ያ ቀይ ቀለም የማን ወገን እንደሆነ አትለዩትም፤ የሚያም መሆኑን ብቻ ነው የምታውቁት። በስደት አሜሪካ ሞተ። በስሙ እንኮራለን፤ ያሳየንን ግን አልተማርንም።

መምህራን፣ ልጆቻችን ላይ የምትሠሩትን ተዉ። የ12 ዓመት ልጅ ፉከራ እንዲሸመድድ ከምታደርጉት የአያቱን ጎረቤት ሄዶ እንዲጠይቅ ላኩት። ሦስት ነገር ብቻ ይዞ ይመለስ፤ የሞተው ሰው ስም፣ ከመዝመቱ በፊት ምን ይሠራ እንደነበርና የሚወደውን ምግብ። የመጨረሻውን አትናቁት፤ ሰውየውን ከሐውልትነት ወደ ሰውነት የሚመልሰው እሱ ነው። ልጁ ሲጠይቅ የሚያገኘው የእኛ ወገን የምትሉት ሟች ብቻ አይሆንም። ሐረር ውስጥ ሦስት ቤት አልፋችሁ አራተኛው ላይ በዚያኛው ወገን የሞተ አለ። እሱንም ይጻፍ።

ገንዘብ ያላችሁ፣ ለበዓል መድረክና ለዘፋኝ የምትከፍሉ፣ ከዚያ ላይ አንድ አሥረኛ ቀንሱና ለአንዲት አሮጊት አልቃሽ ስጡ። አሁንም አሉ፤ ጠይቁ። መድረኩ ላይ ወጥታ ታልቅስ። ሕዝቡ ግራ ይጋባል፤ ይጋባ። አንዳንዱ ይሳደባል፣ አንዳንዱ ይስቃል፤ ከዚያ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ሴት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስትወስድ ታያላችሁ።

እኔ ደግሞ ለዚያ አቡጀዲ ካሣ የምለው ትንሽ ነገር ጀምሬአለሁ። ባለ 100 ገጽ ደብተር ገዛሁ። በየገጹ አንድ ስም። የየትኛው ጦርነት፣ የየትኛው ወገን የሚል መስመር የለውም፤ ሆን ብዬ ነው ያላሰመርኩት። ሲጀመር ከሰፈራችን 23 ስም ተገኘ፤ ሙስሊምም ክርስቲያንም፣ የዘመተም ሳይዘምት ቤቱ የሞተም። አንደኛው ገጽ ላይ ግን ስም የለም። «አዴ» የሚል ብቻ አለ፤ ከሥሩ «ወተት ታመጣ ነበር፤ በኤረር በር በኩል» ብያለሁ። ሙሉ ስሟን የሚያውቅ፣ ወይም ወንድም ነበራት አልነበራትም የሚለውን የሚነግረኝ ካለ እባካችሁ ይንገረኝ። ዘመዶቿ ይህን የሚያነብላቸው ልጅ ካላቸው ደግሞ፣ ዓይኑን እንዳልረሳሁት፣ አውቄ እንዳስቀረሁት ንገሩልኝ።

ደብተሩ ልብስ ሰፊው ጋ ነው ያለው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ እስከ መግሪብ ይከፍታል፤ ዓርብ ከሰዓት አይኖርም። እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ፤ የእሱ ሁልጊዜ ያልቃል።